ለጓሮ የሚሆን የሽንኩርት ዘር ሲመረጥ የአገሩ አየር ይታይ

ሽንኩርት ከማጀት የማይታጣ፣ ለብዙ ቤተሰብም በየሳምንቱ ገንዘብ ወጥቶ ከገበያ የሚገዛ ምርት ነው። በመሆኑም ከቤቱ ጀርባ ጥቂት መሬትና ለማጠጫ የሚበቃ ውሃ ያለው ቤተሰብ ይህን ወጪ በራሱ ጉልበት ሊያቃልል ይችላል። ነገር ግን ብዙ የጓሮ አትክልተኞች ሙሉ የበጋ ወራት ውሃ ቀድተውና አርመው ሲያበቁ ቅጠሉ ለምልሞ ራስ ሳይዝ ይቀርባቸዋል፤ ወይም የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይበላሽባቸዋል። ጥፋቱ ዘወትር የገበሬው ስንፍና አይደለም። ዘሩና አገሩ አለመስማማታቸው ነው።

ሽንኩርት የቀንን ርዝመት ይጠብቃል

ሽንኩርት ራስ መያዝ የሚጀምረው የቀኑ ብርሃን ዝርያው የሚፈልገውን ያህል ሲረዝም ነው። ለሰሜን አውሮፓ የተዘጋጁ ዝርያዎች 14 ሰዓትና ከዚያም በላይ የቀን ብርሃን ይሻሉ። በአዲስ አበባ ግን ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አይዘልም፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም። ስለዚህ ከውጭ አገር ዘመድ የላከው፣ በማሸጊያው ላይ ያማረ ሥዕል ያለበት ዘር በአገራችን ቅጠል ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዘር የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ዝርያው የአጭር ቀን ዝርያ መሆኑን ነው።

ቆላው፣ ወይና ደጋውና ደጋው

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ቀይ ሽንኩርት ይበልጥ የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ700 እስከ 1800 ሜትር ባለው አገር ነው። በመቂ፣ በዝዋይና በላይኛው አዋሽ፣ እንዲሁም በፎገራ ሜዳ በመስኖ በብዛት የሚመረተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች አሉ። ከነዚህም አንዱ አዳማ ሬድ ነው፤ መልኩ ደማቅ ቀይ፣ ጣዕሙም የሚያቃጥል በመሆኑ ለወጥ ይወደዳል። ቦምቤ ሬድ ከአዳማ ሬድ ቀድሞ ስለሚደርስ ውሃው ቶሎ ለሚያልቅበት ጓሮ ይሻላል። ናሲክ ሬድ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ናፊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የተለቀቁ ናቸው።

በደጋ ግን ሁኔታው ይለያል። የሽንኩርቱ አንገት ከወፈረ በኋላ ብርዳማ ሌሊቶች ሲደራረቡበት ተክሉ ራስ ከመያዝ ይልቅ አበባ ያወጣል። በደብረ ብርሃንና መሰል ብርዳማ አገሮች የሚኖር ቤተሰብ በቀይ ሽንኩርት ዘር ከሚደክም በራሱ የሚተከለውን የሐበሻ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ባሮ ሽንኩርት ቢመርጥ ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

ወቅትና ዘር

በቆላና በወይና ደጋ መስኖ ያለው ገበሬ ዘሩን በመስከረምና በጥቅምት መደብ ላይ ቢያፈላ ምርቱ በደረቁ ወራት ይደርስለታል። በክረምት እርጥበት ሲበዛ ቅጠሉን በወይን ጠጅ መልክ የሚያነጥብ የሻጋታ በሽታ ይበረታል፤ በበጋ ደግሞ ትሪፕስ የተባለችው ደቃቅ ነፍሳት የቅጠሉን ጭማቂ ስለምትመጥ ተክሉን ዘወትር መመልከት ያሻል። ችግኙ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲረዝም ይዛወር። በመደብ ላይ ያረጀ ችግኝ ለአበባ ይቸኩላልና።

የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር እንደሆነም መዘንጋት የለበትም። በሞቃት ቤት አንድ ዓመት ያደረ ዘር አብዛኛው ላይበቅል ይችላል። ይህን ለማወቅ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና እርጥበቱን እየጠበቁ 10 ቀን ያህል ማቆየት ነው። የበቀለው ከ70 ካነሰ ያን ዘር መተው ይበጃል።

ትርፉ በቁጥር

በአንድ መደብ ላይ ሁለት መሥመር፣ በመሥመሮቹ መካከል 20፣ በመደብና በመደብ መካከል 40፣ በችግኝና በችግኝ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ቢተው፣ 10 ካሬ ሜትር ጓሮ 650 ያህል ችግኝ ይይዛል። ከነዚህ 500ዎቹ ብቻ ቢያፈሩና እያንዳንዱ ራስ 80 ግራም ቢመዝን 40 ኪሎ ይገኛል። ዘሩ አገሩን የማይወድ ከሆነ ግን ያው መሬት፣ ያው ውሃና ያው ድካም ባዶ ይቀራል።

እንግዲህ አዲስ ዝርያ ያገኘ ገበሬ መሬቱን በሙሉ አይስጠው። በአንድ ጥግ ጥቂት መሥመር ተክሎ፣ ጎረቤቱ ከለመደው ዝርያ ጋር ጎን ለጎን ያስተያየው፤ የተከለበትንና ያነሣበትን ቀንም ይጻፍ። ከዚያም ያየውን ይዞ የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያማክር። የጓሮውን አየር ከባለ ጓሮው ይበልጥ የሚያውቅ የለምና፣ ዘሩንም ለአገሩ መምረጥ የእርሱ ፋንታ ነው።