የተለዋዋጮች ወሰን ራሱን ችሎ በሚገበያይ ፕሮግራም ውስጥ

በፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት ተማሪዎች ቶሎ የሚያልፉት፣ መምህራንም ብዙ ጊዜ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያጠናቅቁት አርእስት አለ፤ ይኸውም የተለዋዋጮች ወሰን ነው። ተለዋዋጭ ማለት በፕሮግራም ውስጥ አንድን ቁጥር ወይም ሌላ መረጃ የሚይዝ ስም ሲሆን፣ ወሰኑ ደግሞ ያ ስም የሚታወቅበት የፕሮግራም ክፍል ነው። ፕሮግራሙ በሰው ፈንታ የሚገዛና የሚሸጥ በሆነ ጊዜ ይህን ወሰን መሳት ገንዘብ ያስከፍላል።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ደጋን አንዲት እናት በቤቷ ውስጥ «ሰዒድ!» ብላ ብትጣራ አቤት የሚላት የቤቱ ልጅ ብቻ ነው። ያው ስም በገበያ መካከል ቢጠራ ግን ብዙ ሰው ዞር ይላል። በአንድ ፈንክሽን ውስጥ የተሰየመ ተለዋዋጭም እንዲሁ የቤት ስም ነው፤ ከፈንክሽኑ ውጭ አይታወቅም። ከፈንክሽኖች ሁሉ ውጭ የተሰየመው ግን በሁሉም ዘንድ ይታወቃል። ምሳሌው የሚረዳው እስከዚህ ድረስ ነው። የቤት ልጅ ጠሪው በሄደ ቁጥር አይጠፋም፤ የፈንክሽን ውስጥ ተለዋዋጭ ግን ፈንክሽኑ ሥራውን ጨርሶ በተመለሰ ቁጥር ከነያዘው ቁጥር ይጠፋል። ስለዚህ ስሙ የት ይታወቃል የሚለውና የያዘው ቁጥር እስከ መቼ ይቆያል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር ገዢና ሻጭ የሚዋዋሉት በአዳራሽ ውስጥ ዋጋ እየጠሩና እጅ ለእጅ እየተማቱ ነበር፤ ኋላ ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ። ዋጋ በኮምፒዩተር ላይ ከታየ ዘንድ ተማሪው «ታዲያ ፕሮግራሙ ራሱ ለምን አይገዛም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው መልካም የመማሪያ መነሻ ነው።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም አዲስ ዋጋ በደረሰ ቁጥር አንዱን ፈንክሽን ደጋግሞ ይጠራል። ለልምምድ ያህል ትእዛዙ «የማሾ ዋጋ ከ5000 ብር በታች ሲሆን አንድ ጭነት ግዛ፤ ከ3 ጭነት ግን አትለፍ» የሚል ይሁን። ተማሪው «የተገዛ» የሚባል ተለዋዋጭ በፈንክሽኑ ውስጥ ሰይሞ 0 ይሰጠዋል፤ በተገዛ ቁጥርም 1 ይጨምርበታል። ዋጋው በተከታታይ 4900፣ 4850፣ 4950፣ 4800 እና 4970 ሆኖ ቢመጣ፣ ፕሮግራሙ 3 ጭነት ገዝቶ ማቆም ሲገባው 5 ይገዛል። በየጥሪው «የተገዛ» እንደገና ከ0 ስለሚጀምር ገደቡ ፈጽሞ አይደረስም። ዋጋው 200 ጊዜ ቢመጣ 200 ጭነት ይገዛል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ኮምፒዩተሩ ምንም የስሕተት መልእክት አለማሳየቱ ነው።

ቋንቋዎቹም በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። በፓይተን ከውጭ የተሰየመውን «የተገዛ» በፈንክሽን ውስጥ 1 ለመጨመር ሲሞከር፣ ስሙ «ግሎባል» ተብሎ ካልተገለጸ ፕሮግራሙ ስሕተት አሳይቶ ይቆማል። ይህ ለጀማሪ የሚያበሳጭ ቢሆንም ደግነት ነው። በዚያው ፈንክሽን ውስጥ አዲስ ቁጥር ብቻ ቢሰጠው ግን፣ በዝምታ ሌላ የቤት ስም ተፈጥሮ የውጭው እንደ ነበረ ይቀራል። በሲ ቋንቋና በአምሳያው በተሠሩት የገበያ ፕሮግራም ቋንቋዎች ደግሞ «ስታቲክ» የሚል ቃል አለ፤ ስሙን በቤት ውስጥ አስቀርቶ ቁጥሩን ከጥሪ ወደ ጥሪ ያቆያል።

ይህን የተረዳ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ስም ወደ ውጭ ያወጣል። ያን ጊዜ ማሾ የሚገዛውና ማሽላ የሚሸጠው ፈንክሽን በአንድ «የተገዛ» ላይ ይጽፋሉ፤ የአንዱ ሒሳብ በሌላው ይበላሻል።

በውጭው ዓለም የደረሰ አንድ አደጋ የነገሩን ክብደት ያሳያል። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በ8 ሰርቨሮች ላይ አዲስ ፕሮግራም ሲጫን አንዱ ተረስቶ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም የተጠቀመበት ምልክት ቀድሞ ለአንድ የተተወ ሥራ ያገለግል ስለ ነበር፣ በተረሳው ሰርቨር ላይ ያው ምልክት አሮጌውን ሥራ ቀሰቀሰው። የተፈጸመውን ግዢ የሚቆጥረው ክፍል ደግሞ ከዓመታት በፊት ወደ ሌላ የፕሮግራሙ ሥፍራ ተዛውሮ ነበር። አሮጌው ሥራ ቆጣሪው አልደረሰውምና ትእዛዙ መፈጸሙን ሳያውቅ መላኩን ቀጠለ፤ 212 ትእዛዞች ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶችን አስከተሉ። በጠባቡ ትርጉም ይህ የወሰን ስሕተት አይባልም። ይሁን እንጂ የአንድ ስም ሁለት ትርጉም መያዝና የቆጣሪ ከሚያስፈልግበት ሥፍራ መራቅ፣ ከላይ በማሾው ምሳሌ የታዩት ችግሮች ናቸው።

በክፍል ውስጥ የሚመረጠው መፍትሔ፣ እያንዳንዱ የግብይት ስልት የራሱን ቆጣሪ ይዞ እንዲኖር በክላስ ማዋቀር ነው። የማሾው የማሾውን፣ የማሽላው የማሽላውን ይቆጥራል። ይህም ቢሆን የመብራት መጥፋትን አይችልም። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ በማስታወሻው ያለው ቁጥር ሁሉ ይጠፋል፤ ሲበራም 3 ጭነት የገዛው ፕሮግራም ምንም እንዳልገዛ ሆኖ ከ0 ይነሣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ዋጋ ከመቀበሉ በፊት በእጁ ስንት ጭነት እንዳለ ከገበያው መዝገብ ጠይቆ፣ «የተገዛ»ን በዚያ ቁጥር መሙላት ይኖርበታል።