የመልእክት ማጣሪያ ቁጥርን እንዴት ያነባል?

አንድ ባንክ የክፍያ መልእክቶቹን ጄኤምኤስ በሚባለው የጃቫ የመልእክት ሥርዓት ያስተላልፋል እንበል። ትላልቅ ክፍያዎችን ብቻ የሚከታተለው ፕሮግራም «መጠን > 50000» የሚል ማጣሪያ ያስቀምጣል። መልእክት አስተላላፊው አገልጋይ እያንዳንዱን መልእክት በዚህ ማጣሪያ ይመዝናል፤ የሚስማማውን ይሰጠዋል፣ የማይስማማውን ያልፈዋል።

የማጣሪያው ሰዋስው የተቀዳው ኤስኪውኤል 92 ከተባለው የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ ነው። በውስጡ ያሉ ሙሉ ቁጥሮች ግን የሚነበቡት በጃቫ ደንብ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። በጃቫ ከፊቱ ዜሮ ያለበት ቁጥር በስምንት መሠረት ይቆጠራል። ደንቡን በሚያከብር አገልጋይ ላይ «ቅርንጫፍ = 010» ብሎ የጻፈ ሰው የሚደርሰው የቅርንጫፍ 10 ሳይሆን የቅርንጫፍ 8 መልእክት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጠርዙ ነው። ሎንግ የተባለው የጃቫ ቁጥር 64 ቢት ስላለው ከ-9223372036854775808 እስከ 9223372036854775807 ይዘልቃል። አሉታዊው ወገን በአንድ እንደሚበልጥ ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ ማጣሪያውን የሚተነትነው ፓርሰር የመቀነስ ምልክቱን ለብቻው፣ ቁጥሩን ለብቻው ያነባል። ስለዚህ ትንሹን ቁጥር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚገጥመው 9223372036854775808 ነው፤ ይህ ደግሞ ሎንግ ከሚችለው በአንድ ይበልጣል። ደንቡ የፈቀደውን ቁጥር ፓርሰሩ «ከልክ በላይ ነው» ብሎ ሊመልሰው ይችላል ማለት ነው። አክቲቭኤምኪው የተባለው አገልጋይ በሎንግ ያልገባለትን ይህን ቁጥር ቢግዴሲማል በተባለው፣ ትልልቅ ቁጥሮችን ሳያጠጋጋ በሚይዘው የጃቫ ቁጥር ይይዘውና የመቀነስ ምልክቱ ሲደርስ ወደ ሎንግ ይመልሰዋል። በእኔ እይታ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ አንዲት አሃዝ እንኳ አትጠፋም።

ትልቅ ቁጥር በመጣ ቁጥር ደብል ወደተባለው የጃቫ የአስርዮሽ ቁጥር መሸሽ ግን ጥፋት ነው። ደብል ሙሉ ቁጥሮችን አንድም ሳይዘል የሚይዘው እስከ 9007199254740992 ድረስ ነው። ቀጣዩን 9007199254740993 ስትሰጡት ወደዚያው ያጠጋጋዋል፤ ሁለት የተለያዩ የሒሳብ ቁጥሮች አንድ ሆነው ይታያሉ።

የሰዋስው ስህተት ቢሆን ሥርዓቱ ወዲያው ይናገራል። ቁጥር ተሳስቶ ሲነበብ ግን ማንም አይሰማም፤ መልእክቱ ወረፋው ላይ ቆሞ ይቀራል ወይም ላልታሰበ ተቀባይ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ፓርሰር የምትጽፉ ባለሙያዎች፣ ሥራውን ከማስረከባችሁ በፊት 010ን፣ ሁለቱን የሎንግ ጠርዞች፣ ከነሱም በአንድ የሚያልፉትን ቁጥሮች አስገብታችሁ ፈትኑ።