ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዶማ ምን ያደርግለታል?

«መንገድ ተዘጋብን፣ ምን ትመክረናለህ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ከገና በኋላ የመጣው የሳንሱሲ ልጅ ነው። ዕድሜው ሃያ ሁለት፣ ሥራው ጋራዥ፣ ሱሱ ደግሞ ማውንቴን ብስክሌት። መቼም ለዚህ ዓምድ የሚደርሰው ጥያቄ አብዛኛው የፍቅር ነው። ይኼም ቢሆን የፍቅር ነው ማለት ይቻላል፣ የሚያፈቅረው ቁልቁለት መሆኑ ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱና አምስት ጓደኞቹ እሁድ እሁድ ጠዋት ከአምቦው አስፋልት ይወጡና ከሰፈር በላይ ወዳለው ባህር ዛፋም ኮረብታ ብስክሌታቸውን እየገፉ ይሄዳሉ። ከዚያ በእግር መንገዱ ቁልቁል ይለቁታል። አስፋልት ላይ ከአይሱዙና ከሚኒባስ ጋር መጋፋት የሰለቸው ሰው ይኼን ቢያደርግ አልፈርድበትም። ዳሩ ግን መንገዱ የእነሱ ብቻ አይደለም። እንጨት ለቅመው የሚያወርዱ እናቶች ይሄዱበታል፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ይሄድበታል፣ ተማሪ ይሄድበታል። ባለፈው መስከረም አንዲት እናት ሸክማቸውን እንዳዘሉ ጎማ በበረበረው ቦይ ውስጥ እግራቸው ገብቶ ወደቁ። ቁርጭምጭሚታቸው ክፉኛ ተጎዳ። በማግስቱ የደኑ ጥበቃ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በመንገዱ አፍ ላይ እሾህ አጋደሙና «ከእንግዲህ ጎማ እንዳላይ!» አሉ።

ልጁ የሚያማርረው በጥበቃው ነው። «እኛ ብቻ ነን እንዴ የምንሄድበት?» ይላል። ሳንሱሲ የሚለውን ቃል ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ሰዎች «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው ይላሉ። ልጆቹም ሲወርዱ ያለ ሐሳብ ነበር የሚወርዱት ማለት ነው! እንጨት የሚያወርዱ የከተማችን ሴቶች ጀርባቸው ላይ የሚጫነው 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ነው። እንዲህ ጎብጦ የሚሄድ ሰው የሚታየው የእግሩ ጫፍ ብቻ ነው። ከኋላ የሚመጣ ጎማ ደግሞ ድምፅ የለውም። እስቲ እናታችሁን በዚያ መንገድ ላይ አስቧቸው።

የሆነ ሆኖ ጥፋቱ ሁሉ የጎማ ነው ማለትም ትክክል አይደለም። መንገድ የሚበላው ዋናው ጠላት ውሃ ነው። በምኒልክ ዘመን የመጣው ባህር ዛፍ ከሥሩ ሣር እንደ ልብ አያበቅልም፤ አፈሩ ራቁቱን ነው። በዚያ ላይ ሐምሌና ነሐሴ የሚወርደውን ዝናብ ታውቁታላችሁ። እንጨት የተሸከመ ሰው ቶሎ መውረድ ስለሚፈልግ መንገዱ ጋራውን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ የወረደ መንገድ ደግሞ ክረምት ላይ መንገድ መሆኑ ይቀርና ቦይ ይሆናል። ታዲያ ጎማ ምን አደረገ? የእግር ዱካ እዚህም እዚያም ነው፣ ጎማ ግን ሳይቋረጥ መስመር ያሰምራል። በተለይ የኋላውን ፍሬን ቆልፎ መንሸራተት፣ ልጆቹ የሚወዱት እሱን ነው፣ መሬቱን እንደ ማረሻ ይከፍተዋል። ውሃ ያቺን መስመር ካገኘ አለቀ። የዘንድሮ መስመር በሁለተኛው ዓመት ቦረቦር ነው።

ይኼ ጠብ ሳንሱሲ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። የማውንቴን ብስክሌት አገር የምትባለው አሜሪካ ውስጥ ያለችው ማሪን ናት፣ ካሊፎርኒያ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ወጣቶች አሮጌ ከባድ ብስክሌት እየያዙ ከጋራ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። አንድ ቁልቁለት ሲወርዱ የኋላው ፍሬን ግሪስ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ እንደገና መሙላት ግድ ነበር፤ ውድድሩን «ሪፓክ» ያሰኘውም ይኸው ነው። ኋላ እግረኛውና ፈረሰኛው አቤቱታ አበዛ፣ ጠባብ መንገዶች ለብስክሌት ተዘጉ። ያኔ ነጂዎቹ በመሳደብ ብቻ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1988 የካሊፎርኒያ ክለቦች ተሰባስበው ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበር አቋቋሙ። ከማኅበሩ ዋና ሥራዎች አንዱ ምን መሰላችሁ? አባላቱ በነፃ ጉልበታቸው አካፋና ዶማ ይዘው መንገድ እንዲጠግኑ ማድረግ። በብዙ ቦታ መንገድ የተከፈተላቸው በዚህ ነው። እኛ አገር ለዚህ አዲስ ማኅበር ማቋቋም እንኳ አያስፈልግም፣ ደቦ የሚባል ነገር አለን።

ስለዚህ ለልጁ የመከርኩት ይኼን ነበር። መጀመሪያ የወደቁትን እናት ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ፣ ከዚያ ጥበቃው ዘንድ ዶማ ይዛችሁ ቅረቡ፣ ስታስፈቅዱ መሬት አትንኩ። ከጓደኞቹ አንዱ ተቆጣ አሉ። «ይኼ የወረዳ ሥራ ነው፣ እኛ የቀን ሠራተኛ ነን?» ብሎ። ወረዳው ነገ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ይጠብቅ! አምስቱ ግን ሄዱ። እማማ ቡና አፍልተው ተቀበሏቸው። «ልጆቼ፣ ደወል እንኳ የላችሁም?» ነበር ያሏቸው። ጥበቃው ሽማግሌ ግን ቶሎ እሺ አላሉም። ሦስት ጊዜ አመላልሰው ነው የፈቀዱት፣ እሱም አብሬያችሁ ካልቆምኩ ብለው።

ሥራው የተሠራው መጋቢት ላይ ትንሽ ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው። በበጋው ቢሞክሩት ዶማው ይነጥር ነበር፣ አፈር ረጠብ ሲል ነው የሚታዘዘው። ገጠር ያደገ ሰው ፈሰስ የሚባለውን ያውቃል፣ ከማሳ ላይ ውሃ የሚያወጣ አግድም ቦይ። እነሱም መንገዱን በየተወሰነው ርቀት ዝቅ እያደረጉ፣ በታችኛው ጎን በኩል ሰፊ መውጫ ከፈቱለት። ውሃው ጉልበት ሳያገኝ ከመንገዱ እንዲወጣ ነው። ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር ዘግተው በባሬላ አፈር ሞሉበት። በጣም ቀጥ ያለውን ቦታ ደግሞ ትተው ጋራውን በአግድም የሚያቋርጥ አዲስ መንገድ ቀየሱ። ልኩ ቀላል ነው፣ 10 ሜትር ስትሄድ ከ1 ሜትር በላይ ካልወረድክ ደህና ነህ። መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ መሐንዲስ አያስፈልግም፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ መንገዱ ላይ አፍስሶ በየት እንደሚሄድ ማየት ነው።

ሁሉም ተሳካ አልላችሁም። ከከፈቷቸው ሰባት መውጫዎች ሁለቱ በሚያዝያው ዝናብ በደለል ተደፈኑ፣ ጠባብ አድርገው ስለቆፈሯቸው። በአካፋ የሚያክል ስፋት ነው የሠሯቸው፣ ቢያንስ ሁለት እርምጃ ሊሆኑ ይገባ ነበር። አምስቱ ግን ይዘዋል። እሾሁም ተነስቷል፣ በቅድመ ሁኔታ፤ እግረኛ ሲመጣ ከብስክሌት ይወረዳል፣ ደወል ይገጠማል፣ ፍሬን ቆልፎ መንሸራተት የለም፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ላይ ጎማ አይደርስም።

እንዲህ ያለ ነገር በየሰፈራችሁ ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ቦታውን ለዩ። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ክልል ውስጥ ገብታችሁ በራሳችሁ ፈቃድ መቆፈር አይሞከርም፤ እዚያ የሚተከለው አገር በቀል ዛፍ ነው፣ አቋራጭ የምታወጡበት ቦታ ላይ ችግኝ አለ። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ባዶ የሚመስል ጋራ ሁሉ ባዶ አይደለም። መንዳት ብቻ ያማራችሁ እንጦጦ ፓርክ አለላችሁ፣ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት የብስክሌት መንገድ ተሠርቶለታል። በቡራዩ በኩል የምትሻገሩ ከሆነ አሁን ሸገር ከተማ ነው፣ የምትጠይቁት የዚያን አስተዳደር ነው።

የሳንሱሲ ልጆች አሁን የሚከራከሩት ከታች ስላለው ዋልካ ነው። ሁለቱ ከሰኔ በፊት ድንጋይ እናንጥፍበት ይላሉ፣ ሦስቱ መስቀል ይለፍ ይላሉ። እኔ ከሦስቱ ጋር ነኝ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ አሁን የተነጠፈ ድንጋይ ነሐሴ ላይ የት እንደሚገኝ አይታወቅም። እስከዚያው ድረስ የተደፈኑትን ሁለቱን መውጫዎች ያስፉ።