ፊት ለፊት መናገርና እውነት መናገር

በአስቴር አወቀና በነዋይ ደበበ ካሴት ያደግሁ ሰው ነኝ። ራፕ የሚባለውን ሙዚቃ፣ ልጆቼ በር ዘግተው ሲያዳምጡ ሳሎን ተቀምጬ ከመስማት ያለፈ ትውውቅ አልነበረኝም። ሰሞኑን ግን አንድ የራፕ ዘፈን ደጋግሜ አየሁ። ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር ሙግት ነው፤ ሙግት ደግሞ የተማርኩት ሙያ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘፈኑ በ2021 ግንቦት ወር እስራኤል ውስጥ የወጣ ሲሆን ርዕሱ «ና፣ ፊት ለፊት እንነጋገር» እንደማለት ነው። ሁለት ራፐሮች አንድ ጋራዥ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ይዘው ተፋጥጠዋል። አንደኛው ዑሪያ ሮዘንማን የተባለ አይሁዳዊ፣ የቀድሞ የጦር መኮንን ነው። ሌላው ሳሜህ ዛኩት ነው፤ የእስራኤል ዜግነት ያለው ፍልስጤማዊ፣ አይሁድና ዓረብ ተቀላቅለው የሚኖሩባት የራምላ ከተማ ልጅ። ቤተሰቡ በ1948 ጦርነት ከቤቱ የተፈናቀለ፣ ብዙ ዘመዶቹም ወደ ጋዛ የሸሹ ናቸው። ዘፈኑ በወጣበት በዚያው ወር ራምላና ጎረቤቷ ሎድ በአይሁድና በዓረብ ነዋሪዎቻቸው ግጭት ሲታመሱ ነበር፤ በሎድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከመታወጅ ተደርሷል።

የክርክሩ ሥነ ሥርዓት ቀላል ነው። መጀመሪያ ሮዘንማን ይናገራል፣ ዛኩት ይሰማል። ብዙ አይሁዳውያን ስለ ዓረብ ጎረቤቶቻቸው በየቤታቸው የሚሉት፣ እንግዳ ሲመጣ ግን ለስለስ አድርገው የሚያልፉት ውንጀላ ሁሉ ይወርዳል። ቀጥሎ ተራው የዛኩት ነው፤ ዘረኝነቱን፣ ወረራውን፣ የተነጠቀውን እየዘረዘረ አጸፋውን ይመልሳል። አንዳንዴ ቡጢ ሊሰናዘሩ ይመስላሉ። መጨረሻ ላይ በዚያችው ጠረጴዛ ሁሙስና ቂጣ ይበላሉ። (ሁሙሷ ለእኔ ትንሽ ቸኮለች። ክርክር ሳይዘጋ የእርቅ ማዕድ የት አገር ቀርቦ ያውቃል?)

ቤት እየመቱ መሟገት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ዛፍ ጥላ ሥር «በልሃ ልበልሃ» ሲባባሉ የሚደነቀው አንደበቱ የሰላ ተሟጋች ነበር። ዛፉ ሥር ግን ዳኛ ነበረ። ጋራዡ ውስጥ የለም።

ሁለቱ ለዚህ ሥራ መነሻ የሆናቸው ጆይነር ሉካስ የተባለው አሜሪካዊ ራፐር በ2017 ያወጣው ዘፈን ነው። በእሱ ክሊፕ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ይወቃቀሳሉ፤ የሁለቱም ድምፅ ግን የሉካስ የራሱ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ጠበቃ ለከሳሽም ለተከሳሽም ሊቆም አይችልም፤ የሉካስ ዘፈን ድክመት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በእስራኤሉ ዘፈን ሁለት ሰው አለ። ሆኖም ሮዘንማን በአፉ የሚያወርደውን ስድብ ራሱ አያምንበትም፤ የወገኖቹን ጥላቻ አደባባይ አውጥቶ ሊያሳያቸው ነው የቆመው። ዛኩት የራሱን ቤት ታሪክ ይናገራል፣ ሮዘንማን የሌሎችን ቃል ይዞ ይቆማል። ይህ ልዩነት በጩኸቱ መካከል በቀላሉ ያመልጣል።

ይበልጥ ያመራመረኝ ግን ርዕሱ ውስጥ ያለችው «ዱግሪ» የምትባል ቃል ናት። ወደ ዕብራይስጥ የገባችው ከዓረብኛ ነው፤ ዓረብኛው ደግሞ ከቱርክ ወስዷታል። ታማር ካትሪኤል የተባሉ እስራኤላዊት ምሁር በ1986 ስለዚህች ቃል አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። ዕብራይስጥ ተናጋሪው «ዱግሪ ልንገርህ» ሲል፣ በሆዴ ያለውን ሳልሸፋፍን ልናገር ማለቱ ነው። በዓረብኛው ግን ቃሏ ሐቀኝነትን ታመለክታለች፤ የሆነውን ነገር እንደሆነው መናገርን። አንዱ የሚሰማውን ይናገራል፣ ሌላው የተፈጸመውን።

የሕግ ሰው ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ምስክር ከልቡ ተናገረ ማለት እውነቱን ተናገረ ማለት አይደለም። ጥላቻን ያለ ይሉኝታ መናገር ዓረቦችን ለሚፈራ አይሁዳዊ እፎይታ ሊሰጠው ይችላል። ዛኩት ግን የሚጠይቀው እፎይታን አይደለም፤ አንድ ነገር ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ነው የሚለው። ሁለቱ በአንድ ቃል ተቀጣጥረው ለሁለት ልዩ ልዩ ጉዳይ መጡ።

ክርክሩ የተካሄደው ደግሞ በዕብራይስጥ ነው። ዓረብኛ ከእንግሊዝ ዘመን ከ1922 ጀምሮ የሥራ ቋንቋ ነበር። በ2018 ሐምሌ ወር ግን የእስራኤል ፓርላማ አገሪቱን የአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ መንግሥት ብሎ የሚደነግገውን መሠረታዊ ሕግ በ62 ለ55 ድምፅ ሲያጸድቅ፣ ዓረብኛን ወደ «ልዩ ደረጃ» ዝቅ አደረገው። ከዜጎቹ ከአምስት አንዱ ገደማ ዓረብ በሆነበት አገር ማለት ነው። አቤቱታ ቀረበ። ዘፈኑ ከወጣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2021 መጀመሪያ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸና፤ አሥር ዳኞች ለአንድ። በሐሳብ የተለዩት አንድ ዳኛ ጆርጅ ካራ ነበሩ፤ በችሎቱ የነበሩት ብቸኛ ዓረብ።

ከእነዚህ ሁለት ሰዎች በፊት እውነተኛ ጠብ የተጣሉ ራፐሮች ነበሩ። የሎዱ ታሜር ናፋርና ሰብሊሚናል በሚል ስም የሚታወቀው አይሁዳዊ ራፐር በአንድ መድረክ የሚዘፍኑ ጓደኛሞች ነበሩ። በ2000 ሁለተኛው ኢንቲፋዳ ሲፈነዳ አንዱ የጽዮናዊነት፣ ሌላው የፍልስጤማውያን ድምፅ ሆነና ተቆራረጡ። አናት ሃላህሚ በ2003 ባወጣችው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ጓደኝነቱ ሲፈርስ ይታያል። እዚያ ጸሐፊም አዘጋጅም አልነበረም፤ ሁሙስም አልቀረበም። ሮዘንማንና ዛኩት ጠቡን ድርሰት አደረጉት፤ ድርሰት ስለሆነም እስከ መጨረሻው ሊሰማሙ ቻሉ። የሥራቸውን ዋጋ የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ነው አልልም።

ከጥቅምት 7 ቀን 2023 በኋላ ግን ጠረጴዛዋ በጣም ጠበበች። ሐማስ ባደረሰው ጥቃት ማግስት፣ የጋዛው ጦርነት ሲጀመር፣ በርካታ የእስራኤል ዓረብ ዜጎች በማኅበራዊ ሚዲያ በጻፉት ምክንያት ተይዘዋል። ከእነዚህ አንዷ ዘፋኟ ዳላል አቡ አምነህ ናት። «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚል ቃል ከፍልስጤም ባንዲራ ጋር ለጥፋ ሁከት በማነሣሣት ተጠርጥራ ታሰረች፤ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ተፈትታ በቤቷ እንድትቆይ ታዘዘች። ጋራዡ ውስጥ ከተባለው ጋር ሲነጻጸር፣ እሷ የለጠፈችው ስድብ እንኳ አልነበረበትም።