ፎርማት ይደረግ የተባለው ኮምፒውተር

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ አሮጌ ኮምፒውተርና ሊኑክስ ስለሚባል ነገር ነው። ስሙ አያስፈራችሁ፤ እኔም ከክረምቱ በፊት አላውቀውም ነበር።

አክስቴ እዚሁ ዳንግላ ደብዳቤና ማመልከቻ የምትጽፍበት ትንሽ ጽሕፈት ቤት ነበራት። ቤቱን ከዘጋች ቆይታለች፤ ኮምፒውተሩ ግን ጨርቅ ለብሶ ሳሎን ጥግ ተቀምጧል። ፔንቲየም 4 ነው። ስክሪኑ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ከኋላው ያበጠ ስለሆነ ብቻዬን አላነሳውም። ራሙ 512 ሜጋባይት ነው። ዛሬ የምናየው ተራ ስማርት ስልክ እንኳን በራም ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል።

ሲበራ የዊንዶውስ ምልክት ያሳይና ሰማያዊ ሆኖ ይጠፋል። አክስቴ አንድ ጥገና ቤት ብትወስደው «ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም» አሏት። ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ነው። ዲስኩ ላይ ደግሞ የአያቴ ፎቶዎች አሉ። አያቴ አርፋለች፤ በስልክ ያነሳናት ከስልኩ ጋር ጠፋ። ስለዚህ አክስቴ «እንግዲያው ይቅር» ብላ መልሳ አመጣችው። ሁለት ዓመት እንዲሁ ተቀመጠ። በዚህ ክረምት ግን ቤቱ ሲጠባት «ለቆራሌው ልሰጠው ነው» አለች።

ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። ለእረፍት ሲመጣ ነገርኩት። «ፎርማት ምን ያደርግለታል? መጀመሪያ ፎቶውን እናውጣ» አለና አንድ ሲዲ አሳየኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። ኮምፒውተር ብቻውን ብረት ነው። ብረቱን የሚያሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባል ዋና ፕሮግራም ነው። እንደ ክፍል አለቃ አስቡት። ማን ይናገር፣ ማን ይጠብቅ፣ ማን ጠመኔ ያምጣ የሚለው እሱ ነው። ዊንዶውስ አንዱ አለቃ ነው፣ ሊኑክስ ሌላው። አለቃው ታመመ ማለት ክፍሉ ፈረሰ፣ ደብተሩም ተቃጠለ ማለት አይደለም። ሌላ አለቃ መተካት ይቻላል።

የወንድሜ ሲዲ ፓፒ ሊኑክስ ይባላል፤ ፓፒ ማለት ቡችላ ማለት ነው። ባሪ ካውለር የሚባል አውስትራሊያ የሚኖር ሰው እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ነው። ሙሉው አንድ ሲዲ ላይ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዲስኩ ላይ ሳይጫን መሥራቱ ነው። ከሲዲው ይነሳና ራሙ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ካላዘዝነው በስተቀር ዲስኩ ላይ ያለውን አይነካም።

መጀመሪያ እምቢ አለን። ኮምፒውተሩ ሲዲውን ትቶ ወደ ተበላሸው ዊንዶውስ ይሄዳል። ወንድሜ ገና ሲበራ ባዮስ የሚባለው ውስጥ ገብቶ «ከሲዲ ጀምር» ብሎ አስተካከለ። ልክ ሊነሳ ሲል መብራት ሄደ! ሲመጣ ደግሞ ያስተካከልነው ሁሉ ጠፍቷል፤ ቀኑም ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ተመልሷል። ለካ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ያንን የምታስታውሰው እሷ ነበረች። አክስቴ «ተዉት ልጆቼ፣ እግዜሩም አልፈቀደ» አለች። ወንድሜ ግን እንደገና አስተካከለው።

ተነሳ። ከታች የዲስኩ ምልክት ወጣ፤ ተጫንነው። የአክስቴ ፎልደሮች በሙሉ አሉ! 41 ፎቶ ወደ ፍላሽ ገለበጥን። አንዱ ላይ አያቴ እንዝርት ይዛ ትስቃለች። አክስቴ ብዙ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ይቺን ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ አታንሺኝ እያለችኝ» አለችና ቡና ልታፈላ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ስለ ቆራሌው አልተነሳም።

ቆይቶ ወንድሜን «ለምንድን ነው ይሄ በአሮጌ የሚሠራው?» አልኩት። ሊኑክስ የተቀዳው ዩኒክስ ከሚባል ሲስተም ነው። ዩኒክስን ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ፣ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ጀመሩት። የጀመሩበት ፒዲፒ 7 የሚባለው ማሽን ያኔም ብዙ ፈላጊ ያልነበረው ነው። ሚሞሪው 20 ኪሎባይት አይሞላም፤ በስልክ ያነሳችሁት አንድ ፎቶ እንኳ አይገባበትም። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ለራሱ የቤት ኮምፒውተር ዩኒክስን የሚመስል ሲስተም ጻፈና ለዓለም በነጻ ለቀቀው። ያ ነው ሊኑክስ። አንድሮይድ ስልክ ውስጥም ያለው እሱ ነው። ከዚህ የባሰም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው በኮሞዶር 64 ላይ፣ በ64 ኪሎባይት፣ ዩኒክስ መሰል ሲስተም ያስነሱ ሰዎች አሉ። ሉኒክስ ብለውታል፣ ትንሹ ዩኒክስ ለማለት ነው።

እኛ አዊዎች ፈረስ እናውቃለን። ያረጀ ፈረስ ላይ ሦስት ጆንያ ጭኖ «ወደቀብኝ» የሚል ሰው ይሳቅበታል አይደል? በአገራችንም በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች በሺህ የሚቆጠሩ ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖች መጥተው ነበር፤ ኤክስኦ ይባላሉ። ራማቸው 256 ሜጋባይት፣ የአክስቴ ግማሽ ማለት ነው። ይሠሩ የነበሩት በሊኑክስ ነው።

አማርኛው ግን አስቸግሮን ነበር። ፊደሉ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። የአክስቴ የድሮ ማመልከቻዎች ደግሞ የፈረንጅ ፊደል ቅልቅል ሆነው ተነበቡ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ የግዕዝ ፎንት ባለበት ኮምፒውተር ሁሉ ይነበባል። አክስቴ ግን ትጽፍ የነበረው በቪዥዋል ግዕዝ ነው፤ እሱ የራሱን ፎንት ካላገኘ አይነበብም። ወንድሜ ፎንቱን ከዚያው ከታመመው ዊንዶውስ ውስጥ ፈልጎ ገለበጠውና ማመልከቻዎቹ ተነበቡ።

ሌላ የወደድኩት፣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው የፍላሽ ቫይረስ እዚህ አይሠራም። ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የተደበቁትን ፋይሎች አይቼ ራሴ አወጣቸዋለሁ። በትእዛዝ መሥራትም ተምሬያለሁ፤ ኤል እና ኤስ ብዬ ጽፌ ኢንተር ስል ፋይሎቹን ይዘረዝርልኛል።

የማይሆነውንም ልንገራችሁ። ቪዲዮ ይንተባተባል። አዳዲስ ድረ ገጾች ያስጨንቁታል። የአክስቴ ፕሪንተር እስካሁን እምቢ ብሏል፤ ይህንን ጽሑፍ መጀመሪያ የጻፍኩት በዚያ ኮምፒውተር ቢሆንም በእጅ የተገለበጠው ለዚህ ነው።

ሲዲው እኔ ጋ ነው፣ 7ኛ «ለ»። ቤታችሁ «ፎርማት ይደረግ» የተባለ ኮምፒውተር ካለ ከመወሰዱ በፊት በእረፍት ሰዓት ንገሩኝ። ባዶ ሲዲ ግን ይዛችሁ ኑ፤ ያለኝ አንድ ብቻ ነው።