የሚዋሽ ቴስተር

ካርቱም አል-ጣኢፍ በነበርንበት ጊዜ የመብራት ሥራ የሚሠሩ ልጆቻችን ማንኛውንም ቴስተር «አፎሚተር» ነበር የሚሉት። ቃሉ ዐረብኛ ይመስላል እንጂ የእንግሊዝ ነው። ዶናልድ ማካዲ የተባለ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ አምፔር፣ ቮልትና ኦም በአንድ ሣጥን የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1923 ለገበያ ቀረበ። ከሦስቱ የመጀመሪያ ፊደላት «አቮ» ተባለ፤ ዐረቡ «አፎ» አለው። ሞዴል 8 የሚባለው ከ1951 እስከ 2008 ተመርቷል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካችን ዋዜማ፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ያንን ሁሉ ትተን ወጣን። መሣሪያውን በሻንጣ የያዘ ካለ በመንገድ ተንገላቷል። ካምፕ ውስጥ ደግሞ ሶላርና ባትሪ የሚነካካው ብዙ ነው። የሚዋሽ ቴስተር ከነጭራሹ ከሌለው ይብሳል፤ ያለውን መብራት የለም ካለ ሰው ይገድላል።

በመጀመሪያ ገመዶቹን ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት ነው። መርፌው ዜሮ ላይ ካልተኛ ከሥሩ ያለችውን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ አድርጎ ማዞር። ፊቱን በደረቅ ጨርቅ ወልውላችሁት መርፌው ብቻውን ከሄደ ግን ብሎኗን አትንኩ፤ ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ይዞ ነው። በዚህ ደረቅ አየር በጣም ያጋጥማል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ኦም ላይ አድርጎ ሁለቱን ጫፎች ማገናኘት። በማስተካከያው ዜሮ አልደርስ ካለ ባትሪ ድንጋዩ ደክሟል። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ፊውዙን ማየት ነው፤ በሽቦ አትቀጥሉት። አንዱ የኦም መስመር ብቻ ከሞተ ሰው ኦም ላይ አድርጎ ቮልት ለክቶበታል፤ የተቃጠለችው ሬዚስታንስ በጥቁረቷ ትታወቃለች።

ለማመሳከር ደህና ከሚባል ዲጂታል ጋር አንድ ባትሪ ላይ አንድ ላይ ማስነካት ነው። አንድ መስመር ብቻ ከሳተ የዚያ መስመር ሬዚስታንስ ነው። ሁሉም እኩል ካነሰ ማግኔቱ ደክሞ ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄ ነው፦ ስሕተቱ የሚታሰበው ከመስመሩ ጫፍ ነው። 3 በመቶ የሚስት ቴስተር በ50 ቮልት መስመር የትም ቦታ 1.5 ቮልት ሊስት ይችላል። የሶላር ባትሪ ሲሞላ 12.6፣ ሊያልቅ ሲል 11.8 አካባቢ ነው፤ ልዩነቱ 1 ቮልት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በዚያ መርፌ ባትሪው ሞልቷል አልሞላም ብሎ መከራከር ከንቱ ነው።

የቤት መስመር ሞቷል ለማለት ደግሞ መጀመሪያ መብራት እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ የምትሠሩበትን ሽቦ፣ ከዚያ እንደገና ያንኑ ሶኬት። በሦስተኛውም መርፌው ከተነሣ ሽቦውን መንካት ይቻላል።