ከፍታና ተስፋ፦ የአርሲ ደጋ ለእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን ምን ያስተምራል?

ዋልያዎቹ ለአንድ አህጉራዊ ውድድር በተሰናዱ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ጥያቄ አለ። በረጅም ርቀት ሩጫ ዓለምን ያስደነቀች አገር በኳስ ሜዳ ለምን አይቀናትም? ጥያቄው በአሰላና በዙሪያዋ ባለው የአርሲ ደጋ ሲነሳ ይበልጥ ይከብዳል። ከ1992 እስከ 2012 በተካሄዱት ስድስት ኦሊምፒኮች በወንዶችና በሴቶች 10,000 ሜትር ከተሰጡት 12 የወርቅ ሜዳሊያዎች ስምንቱን የወሰዱት አራት የአርሲ ልጆች ናቸው፦ ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ለሩጫው ስኬት ዘወትር የሚሰጠው ማብራሪያ ከፍታው ነው። ከዚህ በመነሳትም “ከፍታው ለሯጭ ከሠራ ለኳስ ተጫዋችም ይሠራል” የሚል ተስፋ በብሔራዊ ቡድኑ ላይ ይጣላል። ይህ ጽሑፍ ተስፋው በከፊል ብቻ ትክክል መሆኑን ያብራራል። ከፍታ ለእግር ኳስ ቡድን የሚሰጠው ጥቅም አለ፤ ነገር ግን ጥቅሙ በአመዛኙ ከሜዳው ጋር የተሳሰረ ነው። ከአርሲ ወደ እግር ኳስ ሊሸጋገር የሚችለው ዋናው ትምህርት ያለው በአየሩ ላይ ሳይሆን፣ ከትምህርት ቤት እስከ ብሔራዊ ቡድን በተዘረጋው መሰላል ላይ ነው።

ከፍታ በሰውነትና በኳስ ላይ

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አልተለወጠም፤ ግፊቱ ስለሚያንስ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ደም የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። በደጋ የኖረ ሰው ሰውነት ቀይ የደም ሴሎችንና ሄሞግሎቢንን በማብዛት ጉድለቱን ያካክሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ሰውነት ግን ይህን ለማድረግ ሳምንታት ያስፈልጉታል።

አንድ እግር ኳስ ተጫዋች በ90 ደቂቃ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ሆኖም ውጤት የሚወስኑት በጥቂት ሰከንዶች የሚያበቁ ፈጣን ሩጫዎች ናቸው። በሁለት ፈጣን ሩጫዎች መካከል ሰውነት የሚያገግመው በኦክስጅን በመሆኑ፣ በከፍታ ላይ ያልለመደ ተጫዋች ለማገገም ይዘገያል። ኳሱም ቢሆን በሳሳ አየር ውስጥ የሚገጥመው ግፊያ ስለሚያንስ በፍጥነትና በርቀት ይጓዛል፤ እንግዳው በረኛ ርቀቱን በትክክል መገመት ይቸግረዋል።

በ2007 ፓትሪክ ማክሻሪ ያሳተመው ጥናት በደቡብ አሜሪካ በመቶ ዓመት ውስጥ የተደረጉ 1,460 ዓለም አቀፍ ጨዋታዎችን መርምሯል። በውጤቱ መሠረት በሁለት ቡድኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የጎል ልዩነቱ በግማሽ ጎል ገደማ ለደገኛው ያደላል። እኩል ከፍታ ካላቸው ቡድኖች ባለሜዳው የማሸነፍ ዕድሉ 0.537 ሲሆን፣ የከፍታ ልዩነቱ 3,695 ሜትር ሲደርስ ወደ 0.825 ያድጋል። በዚህ ስሌት ውስጥ የሚቆጠረው የቡድኖቹ ልዩነት እንጂ የሜዳው ከፍታ ብቻውን እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል።

በዚያው ዓመት ፊፋ ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ወስኖ ነበር። ቦሊቪያና ሌሎች የአንዲስ አገሮች ተቃውሞ በማሰማታቸው ጣሪያው ወደ 3,000 ሜትር ከፍ ተደረገ፤ በ2008ም እገዳው ተነሳ። አዲስ አበባና አሰላ ከመጀመሪያው ጣሪያ በታች ሲሆኑ፣ በቆጂ ግን በላይ ነበረች።

በሜዳ የተገኘው፣ ከሜዳ ውጪ የጠፋው

የኢትዮጵያ ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ የተገኘው በከፍታ ላይ ነው። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድኑ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፏል። ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመታት የራቀውን ውድድር ቡድኑ ዳግም ያገኘውም በአዲስ አበባ ስታዲየም ነበር። በ2012 ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ፣ በመልሱ ጨዋታ 2 ለ 0 በመርታት ከሜዳ ውጪ ባስቆጠራቸው ጎሎች ብልጫ ወደ 2013ቱ የደቡብ አፍሪካ ውድድር አለፈ።

ይህ ሁኔታ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በ2021 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ቡድኑ ባሕር ዳር ላይ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1ና ማዳጋስካርን 4 ለ 0፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኒጀርን 3 ለ 0 አሸነፈ። ከሜዳው ውጪ በሦስቱም አገሮች ተሸነፈ፤ በማዳጋስካርና በኒጀር 1 ለ 0፣ በአይቮሪ ኮስት 3 ለ 1። በድምሩ በሜዳው 9 ጎል አስቆጥሮ 1 ሲያስተናግድ፣ ከሜዳው ውጪ 1 አስቆጥሮ 5 አስተናግዷል።

ወደ ዋናው ውድድር ሲገባ የተገኘው ውጤት ከሜዳ ውጪ የነበረውን ይመስላል። በ2013 ዋልያዎቹ ከዛምቢያ 1 ለ 1 ከተለያዩ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፉ። በጥር 2022 በካሜሩን በተካሄደው ውድድርም በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በአዘጋጇ አገር 4 ለ 1 ተሸንፈው ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ተለያዩ። በሁለቱ ውድድሮች ከስድስት ጨዋታ የተገኘው ሁለት ነጥብ፣ 3 ጎልና 13 የገባ ጎል ነው። የማክሻሪ ጥናት ደገኛ ቡድኖች በቆላም ብልጫቸውን እንደሚይዙ ቢደመድምም፣ የዋልያዎቹ መዝገብ ግን ይህን አያሳይም።

ከፍታው በሜዳ ላይም ቢሆን ዋስትና አይደለም። በጥቅምት 2013 ለ2014 የዓለም ዋንጫ በተደረገው የመጨረሻ ዙር ማጣሪያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፋለች። በጥቅምት 2021 ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር ላይ 3 ለ 1 ረትታለች። የደቡብ አፍሪካ ዋና ዋና ክለቦች የሚጫወቱባት ጆሃንስበርግ 1,750 ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ልዩነት በሌለበት ደግሞ ከከፍታ የሚገኝ ጥቅም የለም።

ሜዳ የሌለው ቡድን

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የኢትዮጵያ ስታዲየሞች መስፈርቱን አላሟሉም በማለቱ ብሔራዊ ቡድኑ ከ2021 መገባደጃ ጀምሮ “የሜዳውን” ጨዋታዎች በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ። ጋናን የተቀበለው በጆሃንስበርግ፣ ግብፅን በማላዊዋ ሊሎንግዌ፣ ጊኒን በሞሮኮ፣ ማላዊን በሞዛምቢክ ነበር። በሰኔ 2022 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ማሸነፉ የሚዘነጋ አይደለም። ሆኖም የ2023ን ማጣሪያ በአራት ነጥብ በምድቡ መጨረሻ አጠናቀቀ። በ2025ቱ ማጣሪያም በባለሜዳነት ካደረጋቸው ሦስት ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም፤ ጎልም አላስቆጠረም።

ይህ ስደት ለተመራማሪ እንደ ተፈጥሯዊ ሙከራ ሊታይ ቢችልም ጥንቃቄ ይሻል። ቡድኑ ያጣው ከፍታውን ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹን፣ የለመደውን ሣርና የጉዞ ዕረፍቱንም አጥቷል። ተጫዋቾችና አሠልጣኞች ተቀያይረዋል፤ የጨዋታዎቹ ቁጥርም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሽንፈቱ ውስጥ ምን ያህሉ የከፍታ ድርሻ እንደሆነ ከዚህ መዝገብ ብቻ መለየት አይቻልም። የሚቻለው መደምደሚያ ጠበብ ያለ ነው፦ ቡድኑ ወደ ትልቅ ውድድር የሚሻገርበት ድልድይ የሜዳው ጨዋታ ነበር፤ ድልድዩም በስታዲየም ጥራት ጉድለት ተቆርጧል።

አርሲ የሠራው ምንድን ነው?

የአርሲ ሯጮች ሜዳሊያዎቻቸውን ያገኙት በባርሴሎና፣ በአትላንታ፣ በሲድኒ፣ በአቴንስ፣ በቤጂንግና በለንደን ነው። እነዚህ ሁሉ በዝቅተኛ ሥፍራ ያሉ ከተሞች ናቸው። የሯጩ ጥቅም በደሙና በልምምዱ ውስጥ ስላለ አብሮት ይጓዛል። ይሁንና ከፍታ ብቻውን ሯጭ አያፈራም። እንደ አርሲ ከፍ ያሉ፣ ነገር ግን የኦሊምፒክ አሸናፊ ያላፈሩ ደጋዎች በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም ብዙ ናቸው።

ሮበርት ስኮት፣ ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቻቸው 114 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን አካትተው በ2003 ያሳተሙት ጥናት፣ ከማራቶን ሯጮቹ አብዛኞቹ ከአርሲና ከሸዋ የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ የሄዱት ድርሻም በማራቶን ሯጮች ዘንድ ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር። ጥናቱ ከፍታን ከአኗኗር ጋር ያያይዛል።

ከዚህ በላይ ደግሞ መሰላሉ አለ። በበቆጂ የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ተማሪዎችን ከትምህርት ቤት ሜዳ እየመረጡ ለዓመታት አሠልጥነዋል። ብልጫ ያሳየ ልጅ ከወረዳና ከዞን ውድድር አልፎ ደመወዝ ወደሚከፍሉ ክለቦች፣ ለምሳሌ ወደ መከላከያ፣ ወደ ማረሚያ ቤቶች ወይም ወደ ሙገር ሲሚንቶ፣ መግባት ይችል ነበር። ከዚያ በላይ እንደ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ያሉ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞች ይጠብቁታል። ዛሬ በአሰላ የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል የዚሁ መሰላል አንድ እርከን ነው። የመሰላሉ ጥንካሬ እያንዳንዱ እርከን ከሚቀጥለው ጋር መገናኘቱ ነው፤ የገበሬ ልጅ ቀጣዩን እርከን በዓይኑ ያያል።

የእግር ኳስ መሰላል ከዚህ የበለጠ ወጪ ይጠይቃል። ሯጭ በመንገድና በአንድ አሠልጣኝ ሰዓት መያዣ ብዙ ርቀት ሊሄድ ይችላል። ኳስ ተጫዋች ግን ያለ ሌሎች ሃያ አንድ ተጫዋቾች፣ ያለ ደልዳላ ሜዳና ያለ መደበኛ የዕድሜ እርከን ውድድር አያድግም። የቦታ አያያዝና የኳስ ቅብብል ውሳኔ የሚዳብሩት በሺህ በሚቆጠሩ የጨዋታ ሰዓታት ነው። በአርሲ ደጋ ኳስ የሚወድ ልጅ ሳንባው ከሯጩ ጎረቤቱ አያንስም፤ የሚያንሰው ከፊቱ ያለው እርከን ነው።

አሰላና አዳማ፦ ለመጪው ውድድር

በመስከረም 2023 ኮንፌዴሬሽኑ የ2027ን የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጅነት ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ ሰጥቷል። ውድድሩ በምሥራቅ አፍሪካ መሆኑ ለኢትዮጵያ የተለየ ትርጉም አለው። ናይሮቢ ከ1,600 ሜትር በላይ፣ ካምፓላ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆኑ፣ ዳሬሰላም በባሕር ዳርቻ ናት። ማጣሪያውን የሚያልፍ ቡድን በአንድ ውድድር ውስጥ ለደጋም ለቆላም መዘጋጀት ይኖርበታል።

ለዚህ ዝግጅት የአርሲ መልክዓ ምድር የሚሰጠው ዕድል አለ። ቤንጃሚን ሌቪንና ጄምስ ስትሬይ ጉንደርሰን በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአራት ሳምንታት በ2,500 ሜትር እያደሩ በ1,250 ሜትር የተለማመዱ ሯጮች በ5,000 ሜትር ሰዓታቸውን አሻሽለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መኝታው ደሙን ያበለጽጋል፤ ዝቅ ያለው ሜዳ ደግሞ ፈጣኑን ልምምድ በሙሉ ኃይል ለማድረግ ያስችላል። ከአሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አዳማ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ትገኛለች። አሰላ አድሮ ለፈጣን ልምምድ ወደ ስምጥ ሸለቆው መውረድ፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም፣ ለዚህ ሥርዓት ይቀርባል።

ሆኖም ሁለት ገደቦች አሉ። የ1997ቱ ጥናት የተሠራው በሯጮች እንጂ በኳስ ተጫዋቾች ላይ አይደለም። በተጨማሪም የማጣሪያ ጨዋታዎች ዝግጅት ብዙውን ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። አብዛኞቹ የዋልያዎቹ ተጫዋቾች በአገር ውስጥ ክለቦች መገኘታቸው ከሌሎች የአፍሪካ ቡድኖች ይልቅ ረዘም ያለ ዝግጅት ለማድረግ ያስችላል፤ የሊጉ መርሐ ግብር ግን ከዚሁ ጋር መጣጣም አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ማስረጃዎች የብሔራዊ ቡድኑን ተስፋ በሦስት እርከን ለመመደብ ያስችላሉ። ቅርቡ ተስፋ ሜዳ ነው፤ ስታዲየሞች መስፈርቱን አሟልተው ቡድኑ በአገሩ ሲጫወት ከፍታው ዳግም ይሠራለታል። መካከለኛው በጥናት የተደገፈ የዝግጅት ሥርዓት ሲሆን፣ አሰላና አዳማን የመሰሉ አጎራባች ከተሞች ለዚህ ይመቻሉ። ሩቁና ዋናው ግን በየወረዳው የሚዘረጋ የታዳጊዎች ውድድር ነው። የመጀመሪያው ቡድኑን ወደ ውድድሩ ሊያደርሰው ይችላል፤ በውድድሩ ውስጥ የሚያቆየው ግን ሦስተኛው ነው። ደጋውን “የተፈጥሮ ስጦታ” ብሎ ማሞገስ፣ የበቆጂ መምህራንና ክለቦች ለዓመታት የሠሩትን ሥራ ይጋርዳል፤ ለእግር ኳሱም ያንኑ ሥራ የመጀመር ኃላፊነትን ያዘገያል።